ማሽኗ የነገሯትን ታምናለች

ሰው ማሽንን እንዲህ የሚያከብረው ለምን እንደሆነ ሳስበው ይገርመኛል። ሰው ሲናገር «እስቲ ማልልኝ» እንለዋለን፤ ማሽንን ግን ማል ያለው የለም። «ማሽን አይዋሽም» ይሉናል። እውነት ነው፣ አይዋሽም። ነገር ግን እንደ ማሽን የነገሩትን ሁሉ የሚያምን ፍጥረትም የለም። ሦስት ካላችሁት ሦስት ነው፤ ሠላሳ ካላችሁት ሠላሳ ነው፤ «ወላሂ በሉ» እንኳ አይላችሁም። ክርስቲያን ሆና ወላሂ ትላለች ብላችሁ የምትስቁ ካላችሁ ወሎን አታውቁም ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ መሐላ እንደ ወንፊት ነው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ይዋዋሰዋል።

እኔ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ፊደሉን ለቀምኩ፣ ቁጥሩን እስከ ማባዛት ዘለቅሁ፣ ማካፈል ላይ ስንደርስ አረገዝኩና ቀረሁ። ስለዚህ ካልኩሌተር ለሚጠቀሙ ሰዎች ምክር አለኝ ስል «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። ቢሆንም በዚያ ክፉ ዘመን መካነ ሰላም ላይ፣ ከእርዳታ እህል መጋዘኑ በር፣ ከዚያች ማሽን ፊት ለፊት ብዙ ቆሜአለሁ። የቆመ ሰው ከተቀመጠው የበለጠ ያያል፤ የሚያየው ተገልብጦ ቢሆንም።

ተገልብጦ ያልኩት እንዲሁ አይደለም። እህሉን የሚያድለው ጓድ በላይነህ የሚባል ከደሴ የተላከ ወጣት ነበር፤ ጨዋ፣ ገና ሚስት ያላገባ። መዳፍ የምታህል ካልኩሌተር ነበረችው። ለአንድ ነፍስ በሳምንት ሦስት ጣሳ ስንዴ ይሰፈራል። «ስንት ነፍስ ናችሁ?» ይላል፤ «ሦስት» ትሉታላችሁ፤ ጫን ጫን ያደርጋትና «ዘጠኝ ጣሳ!» ብሎ ለሰፋሪው ይጮኻል። በመጀመሪያው ቀን አንገቴን አስግጌ መስታወቷን ሳይ ስድስት ትላለች።

«ጓድ፣ እርስዎ ዘጠኝ ይላሉ፣ እሷ ስድስት ትላለች። የማንን ልመን?» አልኩት።

ወደ እኔ አዞራት። ዘጠኝ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እንግዲህ ካልኩሌተር ስታነቡ መጀመሪያ በየት በኩል እንደቆማችሁ እወቁ።

ሌላው ብርድ ነው። የመካነ ሰላም የጠዋት ውርጭ ለሰው አይመለስም፣ ለባትሪ ይመለሳል ብላችሁ ነው? ቁጥሮቿ ይደበዝዛሉ፣ ከዚያም ጭራሽ ይጠፋሉ። ጓድ በላይነህ በጥፊ ጠፍ ጠፍ ያደርጋት ነበር፤ ጎረቤቴ እትዬ ከድጃ አይተው አላስችል አላቸው። እትዬ ከድጃ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ ምላሳቸው ግን ገና ልጃገረድ ነው።

«አንተ ልጅ፣ የበረደው ነገር በጥፊ ይሞቃል ያለህ ማን ነው? ብብትህ ውስጥ ክተታት!» አሉት።

ከተታት። ሰልፉ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ፤ አንድ ጓድ ማሽን ታቅፎ ሲያሞቅ ማየት በየቀኑ አይገኝም። ስትወጣ ቁጥሯ እንደ ኩል ጠቁሮ ታየ።

ደግሞም የፊተኛውን ሰው ሒሳብ ሳታጠፉ የኋለኛውን አትጀምሩ። አንድ ቀን ጓድ በላይነህ ዜሮውን መጫን ረስቶ፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ከፊታቸው የነበረችው ሴት ስድስት ቤተሰብ ተደመረላቸውና ሃያ አንድ ጣሳ ተጠራ። ሽማግሌው አቁማዳቸውን ዘግተው «ልጄ፣ እኔ ሳላውቅ መቼ ወለድኩ?» አሉና ሦስት ጣሳቸውን ብቻ አስሰፍረው ሄዱ። በረሃብ ዘመን ነው ይህ። ማሽን እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜ ፊቷ አታገኝም።

ትልቁ ብልሽት ግን በብብትም በዜሮም የሚድን አልነበረም። የመጣው ከኛ ነው።

በኛ አገር ልጅ አይቆጠርም። ነዶ ይቆጠራል፣ በግ ይቆጠራል፤ «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» ሲባል ግን እስላሟ «አላህ የሰጠን አሉ»፣ ክርስቲያኗ «ተመስገን ነው» ብላ ታልፋለች። የተቆጠረን ልጅ ዓይን ያገኘዋል። የግድ ከሆነ ቀንሶ መናገር ነው። ክርስትና ያልተነሣች ሕፃንማ ጭራሽ ከቁጥር አትገባም፤ ሴት ሰማንያ ቀን መጠበቅ አለባት። እኔም ያን ጊዜ ሁለት ወር ሊሞላት ጥቂት ቀን የቀራት ሴት ልጅ ነበረችኝ። «ስንት ነፍስ?» ስባል «ሦስት» አልኩ፤ ባሌ፣ እኔና የአራት ዓመቱ ወንድ ልጃችን። አራተኛዋ ጀርባዬ ላይ በጋቢ ተሸፍና ትተነፍስ ነበር።

አሁን ሲነገር ያስቃል። ያን ጊዜ ግን ጡቴ እየነጠፈ ነበር። ለሚያጠቡ እናቶች ተጨማሪ ዱቄትና ዘይት አለ፤ እሱን ለማግኘት ግን «የምትጠባ ልጅ አለችኝ» ብሎ በሰው ፊት መናገር ነው። ብናገር ዓይን ይበላታል፤ ዝም ብል ረሃብ ይበላታል። ከሁለቱ የቱ ይፈጥናል? እያልኩ መንገድ ለመንገድ አሰላ ነበር። እንዲህ ያለውን ሒሳብ መሠረተ ትምህርት አላስተማረንም።

ሰው ሲጨንቀው ጥፋቱን መልስ በማይሰጥ ነገር ላይ ይጥላል። በሦስተኛው ሳምንት ተራዬ ደርሶ ዘጠኝ ጣሳ ሲጠራልኝ፣

«ጓድ፣ ይቺ ማሽን ታጎድላለች» አልኩት።

ደግሞ ተጫናት። ዘጠኝ። «ምን አጎደለች እህቴ? ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ ነው፤ በጣትሽ ቁጠሪው።»

«እሱስ ነው። ግን ታጎድላለች።»

ከኋላዬ ያለችው «የኔንም አጉድላለች» አለች። ከእሷ ኋላ ያለችው «የኔንማ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ!» አለች። ለካ ሁላችንም አንድ ዓይነት ሌቦች ነን፤ ከራሳችን ቤት የምንሰርቅ። «ስንት አጎደለችብሽ?» ሲል ግን አንዷም አፏን አትከፍትም።

ጓድ በላይነህን ላብ አጠመቀው። ባትሪዋን አውጥቶ በኮቱ እጅጌ ወለወላት፣ መለሳት፣ አጠፋት፣ አበራት፣ ፀሐይ ላይ ዘረጋት። በመጨረሻ ሣጥን ላይ ወጥቶ ለሰልፉ እያሳየ «ሁለትና ሁለት!» ብሎ ተጫነ። «አራት! ይኸው ጤነኛ ናት!»

«ልጄ» አሉ እትዬ ከድጃ፣ «በማሽንህ ሁለትና ሁለት አራት ነው። በኔ ቤት ሁለትና ሁለት ስድስት ነው። እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ።»

ይህን ጊዜ ጀርባዬ ላይ ያለችው ሲር አለች። ሰልፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ያስለው ጀመር። እንዲያ ያለ ሳል ወረኢሉ ድረስ ይሰማል።

«ምንድን ነው እሱ ድምፅ?» አለ ጓድ በላይነህ።

«ማሽንህ ናት፤ ባትሪዋ ደክሞ ነው» አሉት እትዬ ከድጃ።

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ልጄ ስትወለድ ጩኸቷ ጎረቤት ይጠራ ነበር፤ አሁን ለመስማት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ጓድ በላይነህ ጋቢዬን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ከሣጥኑ ወረደ።

«እናቶች፣ ለምን አትነግሩኝም? እኔ የምሰጠው በተነገረኝ ልክ ነው። ልጅ አይቆጠርም ማለት እኮ አብዮቱ የታገለው አጉል እምነት ነው!»

«አጉል እምነትስ ያንተው ነው፤ የነገርካትን ብቻ የምታውቅ ዕቃ ይዘህ ሁሉን ታውቃለች ማለትህ» አሉ እትዬ ከድጃ። «እኛ ልጅ አንቆጥርም። ጠጠር ግን እንቆጥራለን፤ ጠጠርን ቡዳ አይበላውም። ለአንድ ነፍስ አንድ ጥቁር፣ ለሚጠባ ነጭ፤ ከስንዴው ከረጢት ጀርባ ሆነን ጣሳህ ውስጥ እንጣል። አንተ ሰው አትጠይቅ፣ ጠጠር ቁጠር።»

ጓድ በላይነህ ግራ ቀኙን አየ። መመሪያው ውስጥ ጠጠር የሚል እንደሌለ እሱም እኛም እናውቃለን። ከዚያ ባዶ ጣሳ አነሣና ከከረጢቱ ጀርባ አኖረው።

ተራዬ ሲደርስ ሦስቱን ጥቁር ቶሎ ጣልኩ። ነጩ መዳፌ ላይ ቀረ።

«ጣይው እንጂ አንቺ! ድንጋይ ነው እኮ፣ ልጅ አይደለም» አሉኝ እትዬ ከድጃ በሹክሹክታ።

ልጅ አለመሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ እጄ ግን አያውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅሁት። ጣሳው ቋ አለ። ጓድ በላይነህ ቀና ብሎ ሳያየኝ ጠጠሮቹን ለያቸው፣ ተጫነና «አሥራ ሁለት ጣሳ! ዱቄት! ዘይት!» ብሎ ጮኸ። ማሽኗ ያችው ናት፣ ባትሪዋም ያው። ስለዚህ እናንተ የምትጠቀሙ ሰዎች፣ ውጤቱ ካላማራችሁ ብሎኗን ከመፍታታችሁ በፊት የነገራችኋትን ነገር ፍቱት።

ዱቄቱን በአጥሚት ጠጣሁት፤ ወተቴ ቀስ እያለ ተመለሰ። ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ስትነሣ ውኃው ሲነካት ጩኸቷን ለቀቀችው፤ ቄሱ «ይቺስ አገር ታስለቅቃለች!» አሉ። እኔ አልከፋኝም። እንዲያውም ደግመው ቢያፈሱባት አልጠላም ነበር።

ታዲያ ነገሩ በዚህ አልቆመም። ጓድ በላይነህ የዚያን ሳምንት ሪፖርት ሲልክ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ደነገጠ። ሰው እየረገፈ በአንድ ሳምንት ይህን ያህል ነፍስ እንዴት ይጨምራል? መጥቶ የጠየቀን ግን የለም። ማሽኗ ተበላሽታለችና ለምርመራ ደሴ ትላክ የሚል ደብዳቤ መጣ። በጥጥ ተጠቅልላ፣ በካርቶን ሆና፣ ጋቢና ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣ ሄደች። ያን ጊዜ እኛ በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመን ነበር የምንሄደው፤ መንገድ ላይ ሞቶብን የምንመልሰውም ብዙ ነበር። እሷ ግን በሁለተኛው ሳምንት በመኪና ተመለሰች፤ «ምንም እንከን አልተገኘባትም» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዛ።

ከኛ ሰፈር ደሴ ድረስ ተወስዶ፣ ታክሞ የመጣ በሽተኛ እሷ ብቻ ናት። እሷም አልታመመችም ነበር።