የጋሽ ሙቀት ዝላይ

ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ ሁሉ ከጨዋታው ይልቅ ማሟሟቁን የሚወድ አንድ ሰው አይጠፋም። በእናንተ ቡድን ከሌለ፣ ሰውየው እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

የኛው ክቡር ጋሽ ሙቀት ናቸው። በሙያቸው ልብስ ሰፊ፣ በዕድሜያቸው ሃምሳ ሁለት፣ በቅዳሜ ጠዋቱ ቡድናችን ደግሞ ቋሚ ተቀያሪ። እኛ ዓይናችንን እያሸን ስንደርስ እሳቸው ሜዳውን ስድስት ጊዜ ዞረው፣ ላባቸው ከአንገታቸው በማይወርደው የልብስ ሜትር ላይ ይንጠባጠባል። "ጡንቻ ሳይሞቅ አይፈነዳም" ይሉናል። በእሳቸው ትምህርት እግር ኳስ ቅብብል አይደለም፤ የቆመ እግር በአንድ ቅጽበት መሬቱን ገፍቶ የሚነሳበት "የሚፈነዳ ጉልበት" ነው።

ቁርጭምጭሚት ይዞራል፣ ጉልበት ደረት ይነካል፣ በአንድ እግር አሥር ጊዜ ይዘለላል። ቁጥር ከተሳሳትን እንደገና ከአንድ ነው። አንድ ቅዳሜ ተጋጣሚዎቻችን ጠብቀው ጠብቀው፣ እኛ ሞቀን ሳንጨርስ በፎርፌ አሸንፈውን ሄዱ። ጋሽ ሙቀት በሐዘኔታ ሸኟቸው። "ቀዝቅዘው ሄዱ፤ ነገ ወገባቸው ይነግራቸዋል" አሉ።

ሱቃቸውም ውስጥ ያው ናቸው። የጨርቅ ጣቃ ደርድረው ይዘሉበታል። ሚስታቸው ከስፌት መኪናው ኋላ "አንተ ሰውዬ፣ የሰው ሱሪ ስፋ" ቢሏቸውም ወይ ፍንክች። የእያንዳንዳችንን ጭንና ባት በየወሩ እየለኩ በደንበኞች ደብተር ይጽፋሉ። በዚህ ጦስ አንድ ከሲታ ሙሽራ በበረኛችን ጭን ልክ ተሰፍቶለት፣ በሠርጉ ቀን ሱሪ ሳይሆን ድንኳን ለብሶ ዋለ። በረኛችን ግን ጭኑ ሁለት ሴንቲ መጨመሩን ሰምቶ ሳምንቱን ሙሉ ሲኮፈስ ከረመ።

አምበሉ እኔ ነኝና ኃጢአቱም የኔ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ደቂቃ አላጫወትኳቸውም። ዳር ላይ እየዘለሉ በዓይናቸው ሲለምኑኝ "ጋሽዬ፣ ትንሽ ይሙቁ" እላቸዋለሁ። "እሺ ልጄ" ብለው ዝላያቸውን ይቀጥላሉ። ያሳዝኑኛል። ግን መሸነፍም አልወድም።

ባለፈው ቅዳሜ ከጋራዦቹ ጋር ገጠምን። ሞተር በክንዳቸው የሚያወርዱ መካኒኮች ናቸው፤ አሸንፈናቸው አናውቅም። ዜሮ ለዜሮ እንዳለን፣ ሦስት ደቂቃ ሲቀር፣ አርፍዶ መጥቶ ሳያሟሙቅ የገባው ተከላካያችን ባቱን ይዞ ወደቀ። ወደ ዳር ዞርኩ። የቀረን ተቀያሪ አንድ ብቻ ነው።

"ጋሽ ሙቀት፣ ይግቡ።"

ጆሯቸውን አላመኑም። ሜትሩን አጣጥፈው ለተጎዳው ልጅ አስያዙት።

"በቅጡ ሞቄያለሁ ትላለህ?" አሉኝ።

"ስድስት ዓመት ሞቀዋል።"

ወዲያው የማዕዘን ምት አገኘን። እኔ መታሁና እንደ ልማዴ አበላሸሁት፤ ኳሷ መሬት ለመሬት ተንከባለለች። ጋሽ ሙቀት ግን በጭንቅላት ሊገጩ ቀድመው ተነስተዋል። የስድስት ዓመት ጉልበት ፈነዳ። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው እንደዚያ ከመሬት ሲርቅ አይቼ አላውቅም። ጋራዦቹ አንጋጠጡ፤ በረኛቸውም አፉን ከፍቶ አንጋጠጠ። ኳሷ በጋሽ ሙቀት እግር ሥር ሾልካ፣ አንድም የሚያያት ሳታገኝ መረብ ውስጥ ገባች።

"ገባች እንዴ?" አሉ ሲያርፉ።

"ገባች፤ የእርስዎ ናት" አልኩና አቀፍኳቸው። እንዲህ እንደምወዳቸው እስከዚያች ቅጽበት አላውቅም ነበር።

ዛሬ ከሁሉም ቀድሜ ሜዳ ደረስኩ። ከእሳቸው በቀር ማለቴ ነው። ስድስተኛውን ዙር ጨርሰው ቆመዋል።

"ዛሬ ከመጀመሪያው ይሰለፋሉ" አልኳቸው።

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር አሁን ይነገራል? እኔ ገና አልሞቅሁም" ብለው ሰባተኛውን ዙር ጀመሩ። እኔም ከኋላቸው ተከተልኩ።