እማማ ወርቄ የዘገዩባት ቦታ

ሁሉን ነገር ካላስተካከለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ የመዘምራን ቡድን አባላት ኮልፌ 18 ማዞሪያ ስቱዲዮ የከፈተው ሳሙኤል አለን። ዘማሪ ከሙዚቃው ምት ትንሽ ከዘገየ፣ ድምፁን በኮምፒውተር ጎትቶ ምቱ ላይ ያስቀምጠዋል።

ባለፈው ከመዘምራናችን በዕድሜ ትልቋ እማማ ወርቄ ለሟች ልጃቸው ማስታወሻ ዘመሩ። ሳሙኤል አስተካክሎ ሲያሰማቸው፣ "ይቺ ሴትዮ ማናት?" አሉት።

"እርስዎ ነዎት፣ እማማ። የልጅዎን ስም ሲጠሩ ስለዘገዩ አስተካክዬልዎት ነው።"

"የዘገየሁት እንባዬን ስውጥ ነው፣ ልጄ።"

ሳሙኤል አንገቱን ደፍቶ የመጀመሪያውን መልሶ አሰማን። ከዚያ የትኛው ይውጣ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ፤ የተስተካከለው አሸነፈ። እኔም ደክሞኝ ነበር። ክርክር ሳይነሳ፣ የታክሲው ሰልፍም ሳይረዝም ልሂድ ብዬ፣ እንደ ሌሎቹ ለተስተካከለው እጄን አወጣሁ።