ክብርት አላነበብኩም

አጥር አጥረው፣ ደወል ሰቅለው ትምህርት ቤት ብለው ከሰየሙት ቦታ ሁሉ አንዲት «ምንም አላነበብኩም» የምትል ልጅ የሌለችበት ካለ ንገሩኝና ዛሬውኑ ልዛወር። የለም። እናንተም ክፍል ነበረች። ፈተና ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው በር ላይ ቆማ «ዛሬስ ጉዴ ፈላ፣ ደብተሬን እንኳ አልገለጥኩም» ትላለች፤ እናንተም አንጀታችሁ ይራራል። ውጤት ሲመጣ ዘጠና ስምንት ያገኘችው እሷ፣ ስድሳ ሁለት ያገኛችሁት አዛኞቹ ናችሁ።

የእኛዋን «ክብርት አላነበብኩም» ብዬ የሾምኳት እኔ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ሥልጣን ባይኖረኝም ማዕረግ መስጠት እችላለሁ። ክብርነታቸው መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። መምህር ሲያስተምር አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ያዳምጣሉ እንጂ አይጽፉም። ደብተራቸውን አንዴ ሰርቄ አይቼው ነበር፤ ሁለት ገጽ ጽሑፍ፣ አንድ የውሃ ፓምፕ ሥዕል፣ ሌላው ባዶ ነው።

እኔ ደግሞ መምህሩ ሲያስነጥስ እንኳ እጽፋለሁ፤ ያውም በአራት ቀለም። ከዚያ ቤት ሄጄ እሸመድዳለሁ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤታችን አንድ ክፍል ስለሆነ የስፌት መኪናዋ በአንድ በኩል ሲንጣጣ እኔ በሌላ በኩል እየተንጎራደድኩ እጮኻለሁ። «አንቺ ልጅ፣ ይቺን ምዕራፍ እኔ እንኳ ያዝኳት፣ ወደሚቀጥለው እለፊልኝ» ትለኛለች። የምሰቅልበት ግድግዳ ቢጠፋ ማስታወሻዬን በስፒል የምሰካው እሷ በምትሰፋው ልብስ ላይ ነው። አንዴ የኬሚስትሪ ቀመር የሰካሁበት ቀሚስ ከነቀመሩ ለአሰፊዋ ተሰጠና ሴትየዋ ሰርግ ላይ ሆና ስትወጋ ዋለች።

ይሄ ሁሉ ተደክሞ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነኝ። እናቴም ክር በጥርሷ እየበጠሰች «ያቺ ልጅ ግን እውነት ሳታነብ ነው አንደኛ የምትወጣው?» ትላለች። እንዲህ ሲባል የሰማ ሰው ምን ይሆናል? ይቀናል። እኔም ቀናሁ። እህል እስኪያስጠላኝ ቀናሁ።

በእርግጥ አላመንኳትም። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ እኔ ራሴ ሦስት ቀን ሙሉ ስሸመድድ ሰንብቼ «ትንሽ ነካ ነካ አደረግኩ» እላለሁ። ስለዚህ ክብርነታቸው በር ዘግተው፣ መጋረጃ ጋርደው እንደሚያነቡ እርግጠኛ ነበርኩ።

ነገሩ የማርክ ብቻ ቢሆን ችዬ በኖርኩ። ዘንድሮ ግን አንድ የሕክምና ኮሌጅ ከትምህርት ቤታችን አንድ ተማሪ፣ ልብ በሉ፣ አንድ ብቻ፣ ያለ ማጠቃለያ ፈተና ሊቀበል ሆነ። ምርጫው በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት ነው፤ የተመረጠው ወዲያው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ሐኪም እንደምሆን እኔ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሬ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ክብርነታቸው ግን ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ «እንጃ፣ አላሰብኩበትም» ነው መልሳቸው። ያላሰበችበትን ከእጄ ልትወስድብኝ ነው።

የቀረን የባዮሎጂ ፈተና ብቻ ነበር፤ እስከዚያ በድምር እኩል ነበርን። እጅ ከፍንጅ ልይዛት ወሰንኩ። ማስመሪያዋን ረስታ ስለሄደች ላደርስላት በሚል ሰበብ አሥር ሰዓት ላይ ቤቷ ሄድኩ። አልረሳችውም፤ ከዴስኳ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ቤታቸው ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ነው። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ሥሩ ቁጢጥ አልኩ። ከውስጥ ድምፅዋ ይሰማል። «ልብ አራት ክፍል አለው፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች።» ያዝኳት ብዬ ልነሳ ስል አንድ ያረጀ ድምፅ ጣልቃ ገባና ጠየቃት፤ መለሰች፤ ጨረሰች። ሳህን ሲንኳኳ ተሰማ።

«እህ፣ ልጄ፣ ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አለ ያው ድምፅ።

«ስለ ልብ ተማርን፣ አባባ» አለችና ከ«አራት ክፍል አለው» ጀመረች።

የሚቀልዱ መሰለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ተጠየቀች፣ ነገረች። አራተኛ ጊዜ ተጠየቀች፣ ነገረች። አንዴም በምሬት አልተነፈሰችም፤ ሁልጊዜ ገና አሁን እንደተጠየቀች ነበር የምትመልሰው። በአምስተኛው የሳህን እጣቢ በመስኮት ልትደፋ ብቅ ስትል እኔን አየችኝ። እጣቢው ግን ቀድሟት ነበር።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ማስመሪያሽን ላመጣልሽ ነው» አልኩ፣ ፊቴን እየጠረግኩ።

ፎጣ ይዛልኝ ወጣች። እኔም እጣቢ ለብሼ እንኳ አልተውኳትም። «ትዋሻለሽ። ታጠኛለሽ።»

«መቼ አነበብኩ?» አለች። «አያቴ ይረሳሉ። እናቴ የከሰዓት ፈረቃ ናት፣ ሆስፒታል አንሶላ ታጥባለች። ብቻቸውን ከተውኳቸው ወጥተው መንገድ ይጠፋቸዋል። መጽሐፍ ይዤ ዝም ካልኩ ደግሞ ይፈራሉ። ስለዚህ ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ። በቃ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ? አላነበብኩም ስል ትስቃላችሁ እንጂ።»

ወደ ቤት አስገባችኝ። ሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፓምፕ ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ መካኒክ ናቸው። «አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። «ጓደኛዋ ነኝ» ብዬ ዋሸሁ። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አሉ።

ዕድሌ ነው ብዬ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሬ አንበለበልኩት። ግማሽ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ፣ ልጄ። ልብየው ሲረጭ ደሙ ተመልሶ ወደ ኋላ እንዳይመጣ ምንድን ነው የሚይዘው?»

መልሱ በቀይ እስክሪብቶ እንደተጻፈ፣ ገጹ ላይ በስተግራ እንደሆነ፣ የትኛው ቀሚስ ላይ እንደሰካሁት ሳይቀር ይታየኛል። መልሱ ብቻ የለም።

«ቫልቭ ነው፣ አባባ» አለች ከኋላዬ።

«እህ፣ እንደ ፓምፕ» አሉና ደስ አላቸው። «ቫልቩ ካረጀ ታዲያ ልብየው በከንቱ ይለፋላ።» ቀጥለውም «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» አሉ።

ባዮሎጂ ዘጠና ስድስት አገኘሁ፤ እሷ ዘጠና ስምንት። ኮሌጁ በእነዚያ ሁለት ማርኮች የእሷ ሆነ። ሁሉን ካየሁ በኋላ ቅናቴ የለቀቀኝ የሚመስለው ካለ አያውቀኝም። ቤት ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ መኪናዋን አቆመች።

«አልቅሺ፣ ልጄ። ስትጨርሺ ግን ሂጂና እንኳን ደስ አለሽ በያት። ካልሄድሽ ቅናቱ እዚህ ያድራል፤ ቤቱ ደግሞ አንድ ክፍል ነው፣ ለሦስት አይበቃንም።»

ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች፤ ሻንጣ የሚባል ነገር የለም።

«ነገ ለዳይሬክተሩ አልሄድም ልላቸው ነው» አለች። «ጎረቤት እስከ አሥር ሰዓት ታይልኛለች። ከአሥር በኋላ ማን ይነግራቸዋል?»

አሁን ሁለተኛ የወጣችው ማን እንደሆነች አስታውሱልኝ። እሷ አልሄድም ካለች ቦታው የማን ነው? መናገር እንኳ አይጠበቅብኝም፤ «አይዞሽ» ብዬ ዝም ማለት ይበቃል። ዝም አልኩም። ነጩን ጋውን ለብሼ በሰፈሩ ሳልፍ ታየኝ፣ ጎረቤቶቻችን በር በራቸው ላይ ቆመው። ከዚያ ሽማግሌው ከውስጥ «ማነው?» አሉ፣ ፈራ ባለ ድምፅ።

«ነገ ትሄጃለሽ» አልኳት።

«እሳቸውስ?»

«እኔ እመጣለሁ። በየቀኑ፣ አሥር ሰዓት ላይ። እንዲህ አትመልከቺኝ፤ የምሸመድደው ብዙ ነው፣ የሚሰማኝ ሰው ያስፈልገኛል። ደግሞ አንቺ የተውሽልኝን ቦታ አልፈልግም። እኔ ላሸንፍሽ ነው የምፈልገው።» ይህን የምለው እየተናደድኩ ነበር፤ እሷ ግን አቅፋኝ አለቀሰች።

አራት ወር ሙሉ ሄድኩ። አባባ አንዳንዴ በስሟ ይጠሩኛል፤ መልሼ አላርምም። ስለ ኩላሊት አሥራ አንድ ጊዜ፣ ስለ መብረቅ ደግሞ ቁጥሩን እስክረሳው ነገርኳቸው። በየጊዜው ሌላ «ለምን?» አላቸው፤ የማላውቀውን በማግስቱ መምህሩን ጠይቄ እመለሳለሁ። ክብርነታቸው እሑድ እሑድ ይደውላሉ። አንድ እሑድ ድምፅዋ ሰልሎ «እዚህ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ማንበብ ጀመርኩ» አለችኝ። ከማዕረጓ ወረደች ማለት ነው። እንዲህ የሚያሳዝነኝ አልመሰለኝም ነበር። እንደናፈቀችኝም ያን ቀን ነው የገባኝ።

የማጠቃለያው ፈተና ጠዋት በር ላይ ተሰብስበናል፤ ደብተር ይገለጣል፣ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ከጎኔ ያለችው ልጅ ዓይኖቿ ቀልተዋል፣ እጇ በአራት ቀለም ተዥጎርጉሯል። «አንቺስ፣ ጨረስሽ?» አለችኝ።

ለማሰብ ሞከርኩ። ደብተሬን ከገለጥኩ ስንት ሳምንት ሆነኝ? እስክሪብቶዎቼ ደርቀዋል፤ እናቴም ቀሚሶቿን ያለ ስጋት ታስረክባለች።

«ምንም አላነበብኩም» አልኳት።

ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። አስተያየቷን አወቅኩት፤ ከአራት ወር በፊት የእኔ ነበር።