ያልተኙት የሆዴ ዘበኞች

«እዚህ ጋ ያምዎታል?» አለኝ ሐኪሙ፣ እምብርቴ አጠገብ በሁለት ጣቱ ጫን እያለ።

«ያመኛል።»

«እዚህ ጋስ?»

«እዚያም።»

«እዚህስ?» ወደ ጎኔ ተሻገረ።

«እሱ ገና ሳይነኩኝ ያመኛል።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሚሞት ሰው ነበርኩና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ መግቢያ ላይ እኛ አገር ሁሩሙ ውስጥ ተቅማጥ ገብቶ ነበር፤ ደም የቀላቀለ፣ ቤት ለቤት የሚዞር። እኔንም ሳያልፈኝ መጣ። ከክሊኒኩ ኪኒን ሰጡኝ፣ ዋጥኩ፣ ቆመ። ሌላው ሰው ሁሉ በዚያው ተሻለው። የእኔ ሆድ ግን በሽታው ከወጣም በኋላ ነገሩን መርሳት አቃተው። በርበሬ ሲሸተው ይቆርጠኛል፤ ወተት ስጠጣ ይነፋኛል። የገበሬ ማኅበሩ የስብሰባ ጡሩንባ ሲነፋማ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚሰበሰበው ሆዴ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ ያልኩትን ነው የምትሉት። ታላቅ ወንድሜ የሞተው በሆዱ ውስጥ በወጣ እባጭ ነው፤ እሱንም ሲጀምረው ቁርጠት ነበር። ስለዚህ ማንንም አልጠየቅሁም። ከራሴ ጋር ተመካከርን፣ ተስማማን። እሞታለሁ።

ሰው መሞቱን ሲያውቅ ደግሞ ቸርነት ይመጣበታል። የነፍስ አባቴንና ሽማግሌዎችን አስጠርቼ ተናዘዝኩ። ሀብቴ ጫካ ውስጥ የሰቀልኳቸው ቀፎዎች ናቸው። ባለቤቴ አስካለ ዛፍ ላይ አትወጣም፤ ስለዚህ ማሩን እያካፈላት እንዲይዛቸው ለወንድሟ ሰጠሁ። ዋንዛው ላይ ያለውን፣ ነጭ ማር የሚሰጠውን፣ የቀፎዎቼን ሁሉ አለቃ ግን «ለነመራ ይሁን» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እናንተ ስለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ነመራ ጎረቤቴ ነው፤ በዚያ ዋንዛ የተነሣ ለዓመታት አልተነጋገርንም። ዋንዛው የቆመው በሁለታችን ድንበር ላይ ነው። መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ድንበሩም ይቀራል፣ ጠቡም አብሮ ይቀራል ብለን ነበር። ድንበሩ ቀረ። ጠቡ አዋጁን አልሰማም። ታዲያ ቂም ይዤ ልሂድ? ነመራን አስጠራሁት፤ ቀፎውን ሰጠሁት፤ ተቃቅፈን አለቀስን። እንደዚያ ያማረ ኑዛዜ አይቼ አላውቅም። የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይበልጥ ደስ ባለኝ።

በማግሥቱ ቡና በጫነ መኪና ላይ አሳፍረው መቱ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ደም ሰጠሁ፣ ሰገራ ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ። መጨረሻ ላይ ነው እንግዲህ ሐኪሙ ሆዴን ሲጫን ያገኛችሁኝ።

ልብስዎን ይልበሱ አለኝና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሐኪም ወንበር ሲስብ አልወድም። ወንድሜን ያየው ሐኪምም ወንበር ስቦ ነበር።

«እባጭ የለብዎትም፤ ተቅማጡም ጠፍቷል» አለኝ።

«ታዲያ የሚያመኝ ማነው?»

አጠያየቄ ደስ አለው መሰለኝ፣ ወንበሩን ይበልጥ አስጠጋ። «አንጀት የራሱ ነርቭ አለው፤ አባቴ። ሕመሙንም የሚሰማው፣ እንቅስቃሴውንም የሚያዘው እሱ ነው። ከነርቩ አጠገብ በሽታ የሚዋጉ ዘበኞች አሉ። ነርቩን የሚመግቡ፣ የሚደግፉ ደግሞ ሌሎች አሉ። ሁሉም ይነጋገራሉ። ተቅማጡ ሲገባ ዘበኞቹ ተነሡ፣ ነርቩንም ቀሰቀሱት። አሁን ሌባው ሄዷል፤ ዘበኞቹ ግን አልተኙም። ያው እንደ አብዮት ጥበቃ ያስቡት፤ ሌባው ከጠፋ በኋላም መንገደኛውን ሁሉ ቁም እያለ...»

እዚህ ላይ አፉን ዘጋ። በሩን አየ። እኔም በሩን አየሁ። በሩ ዝም አለ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ ድምፁን ለውጦ።

«ንብ።»

«እሰይ! በንብ እንሂድ።»

በንብ ሄድን። በንብማ ከሆነ ይገባኛል። ማር የሚሰርቅ አውሬ ቀፎ ሲደፍር ንቡ ተነሥቶ ያባርረዋል። አውሬው ከሄደ በኋላ ግን በር ላይ ያሉት ጠባቂዎች ለቀናት አይበርዱም። ቅጠል ቢወድቅ ይነድፋሉ። ባለቤታቸው እኔ ብሄድም ይነድፋሉ። ውስጥ ሆነው እጮቹን የሚመግቡትና የሚያሞቁት እንኳ ሥራቸውን ትተው አብረው ይርመሰመሳሉ። ማሩ አለ፤ ጠላት የለም፤ ሰላምም የለም። የእኔም ሆድ እንዲያ ሆኗል ማለት ነው። በርበሬው የወደቀ ቅጠል ነው። ወተቱም ቅጠል ነው። ጡሩንባው... እሱ እንኳ ቅርንጫፍ ሳይሆን አይቀርም።

«እንዲህ የተቆጣ ቀፎ ሲገጥምዎ ምን ያደርጋሉ?» አለኝ።

«አልነካካውም።»

«ጭስስ?»

«አላበዛበትም። ሲቆይ ራሱ ይበርዳል።»

«በቃ፤ ሆድዎንም እንደዚያ ይያዙት። ለስለስ ያለ ይብሉ፣ በደንብ ይተኙ፣ ብዙ አይደንግጡ። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ አይገድልዎትም።»

አይገድልዎትም! ከግቢው ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። ለመሞት የተሰናዳ ጉልበት ለመኖር ሲጠሩት ቶሎ አይመጣም። መቱ ያን ዕለት ምን ያህል እንዳማረችኝ ልነግራችሁ አልችልም፤ ጭቃዋ ሳይቀር ያምር ነበር። ሙዝ ገዝቼ በላሁ። ቆረጠኝ። «እናንተ ናችሁ? እኔ ነኝ፤ ተኙ» አልኳቸው ዘበኞቼን። አንድ መንገደኛ ዞር ብሎ አየኝ። ይየኛ! ማን እንደቆረጠው የሚያውቅ ሰው ቁርጠቱ እንኳ ይቀለዋል።

ከዚያ ቀፎዎቼ ትዝ አሉኝ።

ቤት ስደርስ አስካለ እልልታዋን ስታቀልጠው ሰፈሩ ተሰበሰበ። የነፍስ አባቴ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ኑዛዜ የሚጸናው ስትሞት ነው፤ አልሞትክም፤ ንብረትህ ያንተው ነው» አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። የአስካለ ወንድም በዚያው ዕለት «ያንተው ናቸው» አለኝ፤ ፊቱ ትንሽ ጠቆር ብሎ ነበር እንጂ።

ነመራ አልመጣም።

«ሂድና ጠይቀው» ትለኛለች አስካለ።

«አልጠይቅም።»

«ደግሞ ምን ሆንኩ ብለህ ነው?»

ምን ልበላት? ስሞት የሰጠሁትን ስድን ልቀማው? ብጠይቀው ያ ሁሉ ዓመት የፈጀ ጠብ ተመልሶ ደጃፌ ላይ ይቀመጣል። ዝም ካልኩት ደግሞ የቀፎዎቼ አለቃ ሄደ። በዋንዛው ሥር ባለፍኩ ቁጥር ሆዴ ይቆርጠኝ ጀመር። ሐኪሙ ብዙ አይደንግጡ አለኝ እንጂ ስለ ነመራ ያለኝ ነገር የለም። ወደ ላይ ሳላይ ማለፍ ለመድኩ። ሸክላ ሠሪ ብሆን ዋንዛም ቀፎም አያጣላኝም ነበር እላለሁ ለራሴ።

አንድ ጠዋት ደጅ ተቀምጬ አዲስ ቀፎ ስሠራ የሰው ጥላ እጄ ላይ አረፈ። ቀና ብል ነመራ ነው። በቅል ነጭ ማር ይዟል።

«አካም ጅርታ?» አለኝ።

«ደኅና ነኝ። ግባ እንጂ።»

አልገባም። አልተቀመጠምም። ቅሉን አጠገቤ መሬት ላይ አኖረና እጁን ሆዱ ላይ ጫነ፤ ልክ እኔ ክረምቱን ሙሉ እንደምጭነው።

«ስማ ወርቁ፤ ዳነ ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስላንተ አልነበረም፤ ስለ ቀፎው ነው፤ ሊወስድብኝ ነው ብዬ። ከዚያ ቀን ወዲህ የበላሁት አይረጋልኝም፤ ሆዴን ይቆርጠኛል። በዋቃ ይዤሃለሁ፣ ቀፎህን ውሰድልኝ።»