እግር ሊያይ የመጣው ወታደር

ሰው በጎ ሲሠራልኝ ደስ ይለኛል። በጎ ሠሪው ወታደር ሲሆን ግን መጀመሪያ ልጆቼ የት እንዳሉ አያለሁ። አትፍረዱብኝ፤ እናንተም በደርግ ጊዜ አፈሳ በሚመላለስበት መንደር ጎረምሳ ብታሳድጉ እንደኔው ትሆኑ ነበር።

አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ በሆነች ሰሞን፣ ከመንደራችን በላይ ያለው የወታደር ካምፕ መኪኖቹን የሚያጥበው እኛ በምንጠጣው ወንዝ ነበር። ዘይቱ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና መስሎ ይንሳፈፋል። ያምራል። አይጠጣም። እኛ ጠጣነው። ዓሣ ሲያጠምድ የሚውለው ልጄ ኢድሪስ ደግሞ ከጉልበቱ በታች ቆሰለ።

አንድ ቀን ከካምፑ የጤና መቶ አለቃ መጥቶ ማንጎ ሥር ሰበሰበን።

"እስከዛሬ ካምፑ ለአካባቢው የሚያደርገው ችግኝ መትከል ብቻ ነበር፤ አሁን የሰው ጤናም ሥራችን ውስጥ ገብቷል። ወንዝ የሚውሉት ጎረምሶች ናቸው፤ የታመመ አለ?"

ጎረምሶች! ከችግኝ ተነስቶ የት እንደደረሰ አያችሁልኝ?

ጎረቤቴ ሐጂ ሙሳ ስለ ሁላችን መለሰ። "ጎረምሳ የለም፣ ጌታዬ። ሁሉ ሱዳን ድንበር፣ ኩርሙክ ሄደ፣ ለንግድ።"

"ሁሉም? ወላሂ በሉኝ እስቲ።"

ሐጂ በአላህ ስም አይዋሽም። ሳል ጀመረው።

የመቶ አለቃው ፊት ጠቆረ። "እንግዲህ ምን ላድርግ? አዛዡ 'ውሃው የጎዳው ሰው አሳየኝና ማጠቢያውን አነሳለሁ' ብሎኛል። የታመመ ከሌለ መኪኖቹ እዚያው ይታጠባሉ።"

ወጥመድ ቢሆንስ? ባይሆንስ? እኔ በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። የኢድሪስ ቁስል ግን መሽተት ጀምሮ ነበር።

"ኢድሪስ፣ ውጣ" አልኩ።

ከቀርከሃው ጎጆ እያነከሰ ወጣ። እሱን አይቶ ሌላው ከማሽላ ጎተራ ሥር ወጣ፤ ሁለቱ ከማንጎው ላይ ወረዱ፤ የሐጂ ልጅ የእናቱን ቶብ እንደተከናነበ ከሴቶቹ መሐል ተነሳ።

"ኩርሙክ ለካ ቅርብ ናት" አለ መቶ አለቃው።

ማንንም አልወሰደም። እግር አየ፣ ቅባት ሰጠ፣ ሄደ። ማጠቢያው ከወንዙ ተነስቶ፣ ራቅ ብሎ ጉድጓድ ተቆፈረለት። ውሃው ጠራ፤ የልጄም እግር ዳነ።

በዚህ መንደሩና ካምፑ ተማመኑ ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። የቆሰለ እግር ለጦር ሜዳ የሚፈልግ የለም። የዳነ እግር ሌላ ነገር ነው።

ማሽላው ሳይታጨድ መቶ አለቃው ቁስሉን ሊያይ ተመለሰ። ደጅ ቆመን ሰላም ስንባባል ኢድሪስ ድምፁን ሰማ። በጓሮ ወጣ፣ አጥር ዘለለ፣ ማሽላውን ሰንጥቆ በረረ። መቶ አለቃው የማሽላው ውዝዋዜ እስኪበርድ ቆሞ አየ።

"ድኗል፣ አባባ" አለኝ።