ሰላም ሳይሉ ሪንግ መግባት

ጡንቻ ማንንም አስወድዶ አያውቅም! ይህን የምለው ጡንቻ ስለሌለኝ አይደለም... እሺ፣ እሱም አለበት። እኔ ክንዴን ባጥፍ የሚያብጠው ሸሚዜ ብቻ ነው። ግን እስቲ አንባቢዬ፣ ያንን በቴሌቪዥን የሚታየውን ሬስሊንግ አስበው። ተራራ የሚያህለው ታጋይ ሲገባ ሕዝቡ ያዛጋል፤ የሱን ግማሽ የማያክለው ሲገባ ሕዝቡ ወንበር ላይ ይወጣል። (ታጋይ ስልህ አትደንግጥ፤ በገመድ መሃል የሚተሻሸውን ማለቴ ነው።) ለምን ይመስልሃል? እኔ መልሱን እዚሁ ሰቆጣ አግኝቼዋለሁ። እንዴት እንዳገኘሁት ስነግርህ ግን አትሳቅብኝ... ወይም ቀስ ብለህ ሳቅ።

ሲሳይ የሟች እህቴ ልጅ ነው። እናቱ ደሃና ወረዳ ላይ ስታርፍ በስድስት ዓመቱ ወደ ቤቴ መጣ፤ እኔና ባለቤቴ አሳደግነው። እኛ አሳድገን ስንጨርስ እሱ ማደጉን አላቆመም፤ ዛሬ የቤቴን በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። አዲስ አበባ አንድ ጂም ውስጥ ሲሠራ ይህንን ሬስሊንግ የሚሉትን ተማረ። ሳይጎዱ መውደቅ፣ ሳያሳምሙ መምታት... ባለፈው ለሻደይ በዓል መጣና እንዲህ አለኝ፦

«አጎቴ፣ እዚህ ላሳይ ነው። ሕዝቡ ከወደደው መጋዘን ተከራይቼ ወጣቶችን አስተምራለሁ።»

«ካልወደደውስ?»

«ሰኞ በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ዓረብ አገር የሚያሻግር ሰው አግኝቻለሁ።»

ዓረብ አገር! ከሰፈራችን በዚያ መንገድ የሄዱ ሁለት ልጆች ድምፃቸው ከጠፋ ከረመ። ባለቤቴ ያን ዕለት እራት አልበላችም። እኔ በላሁ፤ ግን አልጣመኝም።

እንግዲህ ልጁን ለማስቀረት ራሴን አማካሪ አድርጌ ሾምኩ። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሬስሊንግ ሳይ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት አለ?

«ትልቅ ታጋይ ማንንም አያይም!» አልኩት። «መነጽር አድርግ። አገጭህን ቀና አድርግ። ሰላምታ ብሎ ነገር የለም!»

«እዚህ አገር ግን አጎቴ...»

«ሦስት ዓመት ያየሁት አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

የዓይን ሞራ ተገፎልኝ የወጣሁ ጊዜ የሰጡኝን ጥቁር መነጽርም አጠለቅኩለት። አማረበት። ዓይን ሐኪም የሚሸሽ ሚኒስትር መሰለ።

ሬስሊንግ አንድ ደግና አንድ ክፉ ሰው ይፈልጋል። ደጉ ሲሳይ ነው፤ ሕዝቡ እንዲወደው። ክፉው ደግሞ ጓደኛው ሙሉጌታ፤ ሕዝቡ እንዲጠላው። ሙሉጌታን የማታውቀው ከሆነ፣ ወፍጮ ቤት ጆንያ የሚሸከመው ነው። ዳኛውስ? ዳኛው እኔ! ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት (የትኛው እንደሆነ አልነግርህም) መዝገብ ቤት ስሠራ ማኅተሜ እንጂ ቃሌ ተሰምቶ አያውቅም። አሁን ፊሽካ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሜዳው ጢም አለ። አራት የባሕር ዛፍ አጣና ተክለን፣ የጭነት ገመድ አዙረን፣ ጭድ የተጠቀጠቀበት ማዳበሪያ ደርድረን ከላይ ሸራ አልብሰነዋል። ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ሽማግሌዎቹ፣ መሃላቸው ቄስ አበራ።

መጀመሪያ ክፉው ገባ። ሙሉጌታ ፊቱን ከሰል ተቀብቶ፣ ጥርሱን አግጦ እያጓራ መጣ። ሕዝቡን ሊሳደብ አፉን ከፈተና... ዓይኑ ቄስ አበራ ላይ አረፈ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ! መስቀል ከተሳለመ በኋላ ደግሞ አጠገባቸው ያሉትን እንዴት ይለፍ? በየተራ ጀመረው።

«እንዴት ዋሉ፣ አባባ? ላሚቱ ተሻላት?»

«እግዜር ይመስገን! አንተን ምን ነካህ ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረ?»

«ጨዋታ ነው፣ አባባ።»

ወደ ቀጣይዋ ዞረ፦ «እማማ ጥሩ፣ ማሽላዎን ነገ አደርስልዎታለሁ።»

«እደግ! እደግ!» አሉ እማማ ጥሩ፣ ከተማው ሁሉ የሚፈራቸው ጎረቤቴ። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ይኼ እንግዲህ የሚጠላው ሰው ነው!

ቀጥሎ ሲሳይ። ሙዚቃው አምባረቀ። መነጽር፣ አገጭ፣ ደረት... ልክ እንደመከርኩት! አግዳሚውን ዞር ብሎ ሳያይ አለፈ። ቄስ አበራ መስቀላቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። የክርስትና አባቱ ሊነሱለት ከወንበራቸው ግማሽ ድረስ ተነሥተው፣ ግማሹ ላይ ቆሙ። ሙዚቃው ብቻውን ይጮኻል።

«ይኼ የማን ልጅ ነው?»

«የአያ ታፈረ ነዋ! የመዝገብ ቤቱ!»

«ምን አስቀየምነው?»

«አዲስ አበባ ከርሞ ነው...»

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አያ ታፈረ የምባለው እኔ ነኝ። እኔም ፊሽካዬን አየሁ። ነፋሁት።

ትግሉ ተጀመረ። ሙሉጌታ በወደቀ ቁጥር ሕዝቡ «እኔን!» ይላል። ሲሳይ በወደቀ ቁጥር ይጨበጨባል። ሲሳይ ግራ ሲገባው በመጨረሻ የተለማመዱትን ትልቁን ነገር አመጣው፤ ወንበር አንሥቶ የሙሉጌታን ጀርባ ጧ! አደረገው። ወንበሩ ቀድሞ የተሰነጠቀ ነው፤ አይጎዳም። ግን ይህንን ለማን ነው የምታስረዳው? እኛ አገር ሰው ሲደባደብ ቆሞ ማየት ነውር ነው፤ የቀረበ ሰው ይገላግላል። የቀረቡት ደግሞ እነማን ናቸው? አግዳሚው!

«በመድኃኔ ዓለም! በቃ!»

ስድስት ሽማግሌ ከነከዘራቸው በገመዱ ሥር ሾልከው ገቡ። ቄስ አበራ መሃል ቆሙ።

«አባ፣ ጨዋታ እኮ ነው!» አልኩ።

«በሰው ጀርባ ወንበር መስበር ጨዋታ ነው?»

ሸራው ላይ ተቀመጡና ሽምግልናው ተጀመረ። በሬስሊንግ ሪንግ ውስጥ!

«ሙሉጌታ፣ ምን በደለህ?»

«ምንም፣ አባ። ተነጋግረን ነው።»

«አያችሁ ትዕግሥቱን!» አለ ሕዝቡ።

ሙሉጌታ እውነቱን በተናገረ ቁጥር እየተቀደሰ፣ ሲሳይ ደግሞ እየጠቆረ ሄደ። ሲሳይ መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አጎቴ፣ አለቀ» አለኝ በሹክሹክታ። «ነገ እሄዳለሁ።»

ፊሽካዬን ትንፋሼ እስኪቆረጥ ድረስ ነፋሁና ጮኽኩ፦ «ጥፋተኛው እኔ ነኝ! መነጽሩም የኔ ነው! ‹ማንንም ሰላም አትበል› ያልኩትም እኔ ነኝ! ልጁ እዚህ አገር አይሆንም ብሎኝ ነበር!»

«ምን ነክቶዎት ነው፣ አያ ታፈረ?» አሉ ቄስ አበራ።

«ቴሌቪዥን፣ አባ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ፈረዱ፤ ሲሳይ አስቀድሞ ሕዝቡን ሰላም ይበል። ልጁም ወረደ። ከአግዳሚው ጀመረ፤ መስቀል ተሳለመ፣ ትከሻ ገጠመ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ጠየቀ፣ ስለ ገብስ ጠየቀ። ከሰሃላ ለገበያ መጥተው ያደሩ እንግዶችን ሳይቀር! እማማ ጥሩ ጉንጩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«የእናትህን ዓይን ነው እኮ የያዝከው! ምነው ደበቅክብን?»

አየህ አንባቢዬ? መልሱ ይኼ ነው። ተራራ የሚያህለው ታጋይ የማይወደደው ጉልበት አጥሮት ወይም መውደቅ ሳይችል ቀርቶ አይደለም። ሰው ደረቱን አይቶ ምን ያድርገው? ዓይኑን ነው የሚፈልገው። ከሰላምታው በኋላ ሲሳይ ወደ ሪንጉ ሲመለስ ሜዳው በእልልታ ተቀበለው።

ግን ሌላ ጣጣ መጣ። አሁን ሁለቱም ተወደዱ! ማን ይውደቅ? ሙሉጌታ ይውደቅ ሲባል «ኧረ!»፣ ሲሳይ ይውደቅ ሲባል «ኧረ ኧረ!» ሆነ። ክፉ ሰው የጠፋበት ሬስሊንግ! ያኔ እማማ ጥሩ ተነሡ።

«ጥፋተኛው ራሱ አምኗል አይደል? እሱ ይውደቅ!»

ሕዝቡ እንዴት እንደጮኸ ብትሰማ! ሠላሳ ዓመት የታመቀ ነገር ፈነዳ።

«እውነት ነው! እኔን አምስት ጊዜ ‹ነገ ነይ› ብሎኛል!»

«የኔን መዝገብ ጠፋ ብሎ ሁለት ወር አመላልሶኛል! ለካ ተቀምጦበት ነበር!»

«ማኅተሙን ቆልፎ ለቅሶ የሄደውስ!»

ምን ልበልህ... ሁሉም እውነት ነው። መዝገቡን ግን ለወንበሩ ከፍታ ነበር ያስቀመጥኩት።

ወደ ቄስ አበራ አየሁ። ያድኑኛል ብዬ። «ቀስ ብለህ ልጄ» አሉት ለሲሳይ፤ «አጥንቱ ያረጀ ነው።»

ሲሳይ መጣ። በመላው ፊቱ እየሳቀ ጆሮዬ ሥር «አጎቴ፣ አገጭዎን ደረትዎ ላይ ይለጥፉ፤ ሲያርፉ ትንፋሽዎን ያውጡ» አለኝና እንደ ባዶ ቅል አነሣኝ። ከዚያ ጭዱ ላይ ቧ! ምንም አላመመኝም። ሜዳው ግን ተገለባበጠ፤ በሠላሳ ዓመት አገልግሎት አንድ ቀን እንኳ ያልተጨበጨበልኝ ሰውዬ!

ከጩኸቱ መሃል አንድ የሴት ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ። «ድገመው ሲሳይ! ድገመው!» አንገቴን ዞር አድርጌ ባይ... ባለቤቴ! አግዳሚው ላይ ቆማ ታጨበጭባለች።

«ልድገመው እንዴ?» አለኝ ሲሳይ።

«ሰኞስ?»

«ኧረ የምን ሰኞ! እርስዎ የሚወድቁልኝ ከሆነ የትም አልሄድም!»

ወገቤን ዳሰስኩ። አለ።

«እንግዲያውስ ድገመው» አልኩት።