የወጥ ቤቱ ቆንስል

ድንበር ተሻግሮ የማያውቅ፣ የኤምባሲዎችን ጠባይ ግን እንደ ጎረቤቱ አመል አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ለእማማ ቤት የደረሰው የትልቋ ልጃቸው ባል ነው። ቀን ቀን ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ለታካሚዎች ካርድ ያወጣል፤ ቤት ሲገባ ግን ክቡር ቆንስሉ ይባላሉ።

ባሕር ማዶ ያለችው ታናሿ ልጅ «እናቴ መጥታ ከልጆቼ ጋር ትክረም» ብላ ለወላጅ የሚሰጠውን የረጅም ጊዜ ቪዛ ስትጀምር፣ ክቡር ቆንስሉ ማንም ሳይሾማቸው ሥራ ገቡ። ወጥ ቤቱ ኤምባሲ ሆነ። እሳቸው ከውስጥ በመስኮቱ ብቅ ይላሉ፤ እማማ ከውጭ፣ ልብስ ማስጫው ሥር ይሰለፋሉ። ብቻቸውን ቢሆኑም ተራ ይጠብቃሉ።

«ፈገግ አይበሉ፤ ፈገግ ያለ ሰው እዚያው ሊቀር ነው» ይላሉ ቆንስሉ። «አይኮሳተሩም ደግሞ፤ የተኮሳተረ የደበቀው አለ።»

እማማ የሁለቱን መሐል ፍለጋ መስታወት ፊት ሲታገሉ አንዲት ጎረቤት ደረሰች። ጥርሳቸውን ያመማቸው መስሏት፣ አማችዎ ካርድ ያውጣልዎት እንጂ ብላ መከረቻቸው። ለቪዛው ለሚጠየቀው የጤና መድን የሚሆነው ምርመራ ሲቃረብማ ጭራሽ ማስነጠስ ተከለከለ።

ለልምምድ በቀረቡ ቁጥር ቪዛ ይነፈጋሉ። አንዴ ዘግይተው ስለመጡ፣ አንዴ ቀድመው ስለመጡ፤ አንድ ቀን ደግሞ ልጅዎን ይወዷታል ወይ ተብለው አዎ ስላሉ። የሚወድ አይመለስማ! ሚስትየው፣ ይኼ ኤምባሲ ሽንኩርት የሚያስከትፈን መቼ ነው ብላ ብትጠይቅ፣ የሥራ ሰዓት አላለቀም ተባለች።

እውነተኛው ቀን ደረሰ። ቆንስሉ የእውነተኛው ኤምባሲ በር ላይ ቆመው ላብ ሲያጠምቃቸው፣ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ እማማን የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ ማን አለዎት? የተለማመዱት ሁሉ ከእማማ ጭንቅላት በነነ።

«አንድ አማች አለኝ» አሉ። «ወጥ ቤቴን ኤምባሲ አድርጎ ምሳ አላስበላ ብሎናል። ክፉ ሆኖ አይደለም። እናት አላሳደገችውም፤ እኔ እንዳልሄድበት ፈርቶ ነው።»

ሠራተኛዋ ሳቋን መመለስ አቅቷት ፈቀደች። አንዴ ከገቡ እስከ ሁለት ዓመት መቀመጥ እንደሚችሉም አስረዳቻቸው፤ ታናሿ ልጅ በስልክ ያንኑ ደገመችላቸው።

የዚያን ዕለት አማችየው ቪዛውን ሲያገላብጥ አመሸ፤ እራትም አልበላ። የጉዞው ቀን ሻንጣቸውን ለማንም አላስነካም። አውሮፕላን ማረፊያው መግቢያ ላይ ሲደርሱ ጉሮሮውን ጠራረገና ያንን የባለሥልጣን ድምፁን አወጣ።

«እማማ፣ ሕጉ ተቀይሯል። ከሦስት ወር በላይ መቆየት አይቻልም።»

እማማ ቀና ብለው ዓይኖቹን አዩ። ቀልተዋል። ሻንጣውን ቀስ ብለው ከእጁ ተቀበሉት።

«ሕግ ከሆነማ ምን ይደረጋል፣ ልጄ» አሉት፤ «ይከበራል።»